«ዋጋ በውስጥ መስመር»

ከበግ ጠጉር የሚሸመነው ብርድ ልብስ፣ የመንዝ ባና፣ ገበያ ላይ ሲሸጥ ገዢው የሚያደርገውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ስለ ኢንተርኔት ንግድ ብዙ ይማራል። ገዢው መጀመሪያ ባናውን በመዳፉ ይደባብሰዋል። ጫፉን ይዞ ይጎትተዋል፤ ሽመናው መጥበቁን ያረጋግጣል። ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል፤ በደንብ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ጠረኑን አይደብቅምና። በክንዱ ይለካዋል፤ ክብደቱን ለማወቅ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነ እሱ ባያውቅ እንኳ አጠገቡ የቆመው ሰው ያውቃል። ገንዘቡ ከኪሱ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ያው ባና በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ቻናል ወይም ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ ገዢው እጁን፣ አፍንጫውን፣ ክንዱንና አጠገቡ የቆመውን ሰው በአንድ ጊዜ ያጣል። የሚቀረው ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያጣ ሰው እንዲከፍል የሚጠበቅበት ገጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው ሁለት ነገር ነው፤ «ኦሪጂናል የመንዝ ባና» እና «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ጎብኚው ፎቶውን ያያል፣ ይወደዋል፣ ያልፋል። ሻጩም «የሚያየው ብዙ ነው፤ የሚገዛ ግን የለም» እያለ ያዝናል። አዝኖም አይቀር፣ ተጨማሪ ተመልካች ለማግኘት ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ ያስነግራል።

ስለዚህ ሻጭ ከልቤ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ዕቃ የብዙ ሰው ድካም ነው። በሐሳቤ ያለው ሻጭ የዘመሮ ሰው ነው፤ ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ብርዳም ደጋ ነው፤ የመንዝ በግም በቁመቱ አነስ ያለ፣ ብርዱን የሚችል፣ ጠጉሩ ሸካራ ነው። ያ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሸምነዋል። ከአንድ በግ የሚገኘው ጠጉር ጥቂት ስለሆነ አንድ ባና ከመሸመኑ በፊት የብዙ በግ ጠጉርና የብዙ ሳምንት የፈትል ሥራ ይፈጃል። ለዚህ ጽሑፍ ባናን የመረጥኩትም ሆን ብዬ ነው። በእጅ ካልነኩት የማያምኑት ዕቃ ስለሆነ በፎቶ ለመሸጥ ከሁሉም ይከብዳል። ለባና የሠራ ገጽ ለማርም፣ ለበርበሬም፣ ለሀገር ባህል ልብስም ይሠራል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል። በዓለም ላይ ያሉ የኦንላይን ሱቆች በአብዛኛው ከ100 ጎብኚ የሚሸጡት ለሁለት ወይም ለሦስቱ ነው። በድርጅት፣ በበጀትና በባለሙያ የሚመሩት ጭምር። መቀመጫው ዴንማርክ የሆነው ቤይማርድ የተባለ የጥናት ተቋም ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰቡ ጥናቶችን አቀናጅቶ፣ ዕቃ መርጠው ቅርጫት ውስጥ ካስገቡ ገዢዎች መካከል 70 በመቶ ያህሉ ሳይከፍሉ እንደሚወጡ አሳይቷል። ስለዚህ አይቶ የሚሄድ ጎብኚ መብዛቱ የዘመሮው ሻጭ ብቻ ችግር አይደለም፤ ሊያፍርበትም አይገባም። ግን የሚሠራበት ቦታ እዚያ ነው።

እንበል አንድ ገጽ በወር 1,000 ሰው ይጎበኘዋል፤ ከእነዚያም 10 ሰው ይገዛል። ሻጩ ገቢውን በእጥፍ ማሳደግ ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሌላ 1,000 ሰው መሳብ ነው። ይህ በየወሩ ገንዘብ ያስወጣል፤ የሚመጣውም ሰው ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ያክል ባና የሚፈልግ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ አሁን ከሚመጡት 1,000 ሰዎች ለመግዛት ተቃርበው የተመለሱትን 10 ሰዎች ማግኘት ነው። እነዚህ ሰዎች ገጹን አግኝተውታል፣ ፎቶውን ወደውታል፣ ገንዘቡም አላቸው። የመለሳቸው ያልተመለሰላቸው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን መመለስ አንድ ጊዜ መጻፍን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገለግለው ለሁልጊዜ ነው። ለእጅ ሥራ ነጋዴ ደግሞ ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይስማማዋል፤ የሸማኔው እጅ በወር የሚያደርሰው ባና ውስን ነውና። አንድ ሺህ ገዢ ቢመጣበት ይጨነቃል እንጂ አይበለጽግም። የሚያስፈልገው ሃያ ጥሩ ገዢ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምቆይበትም እዚህ ላይ ነው።

ሻጮች ዋጋ የማይጽፉባቸውን ምክንያቶች አውቃቸዋለሁ፤ ተራ ምክንያቶችም አይደሉም። ተፎካካሪ አይቶ እንዳይቀንስ ይፈራሉ። ዋጋው ይለዋወጣል፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፉት ከወር በኋላ ላያዋጣ እንደሚችል ያስባሉ። ደግሞም የጠየቀ ሰው ወሬ ይጀምራል፤ ወሬ የጀመረ ሰው ሊገዛ ይችላል ይላሉ። በገበያ ላይ ይህ ልክ ነው። በስልክ ላይ ግን ገዢው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ሲያነብ የሚመጣበት ሐሳብ «ማንነቴን አይተው ነው የሚነግሩኝ» የሚል ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚጽፍ ሰው ይህን ጥርጣሬ በእጥፍ ይይዘዋል፤ ስልክ ቁጥሩ ብቻ ዋጋውን እንደሚያስጨምርበት እርግጠኛ ነው። ሌላው ደግሞ ጠይቆ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ቢሆን «ተወድዶብኛል» ማለት ያሳፍረዋል። ይሉኝታ ያለበት ሰው ከማፈር አለመጠየቅን ይመርጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ሻጩ ፈጽሞ አያውቀውም፤ መልእክት ሳይልክ ነው የሄደው።

ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያኖር ያዛል። አዋጁ የተጻፈው ግድግዳና መደርደሪያ ያለውን ሱቅ በማሰብ ነው። ሐሳቡ ግን የስልክ ሱቅ ላይ ይበልጥ ይሠራል፤ እዚህ ገዢው ቀና ብሎ የጎረቤት ሱቅ ዋጋ የሚያይበት ዕድል እንኳ የለውምና።

ለዘመሮ ሻጭ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላም ምክንያት አለ። በውስጥ መስመር ዋጋ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ መስመር ላይ መገኘት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ያን ጊዜ ንግዱ በሙሉ በመልእክት ልውውጥ ላይ የቆመ ሰው ሱቁ ተዘጋ። ሰላም በሆነ ጊዜም መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይደክማል፣ ሻጩ ጠጉር ሊገዛ ገጠር ይወጣል። ከአሜሪካ የሚጽፈው ገዢ ደግሞ ጊዜ የሚያገኘው እኛ ስንተኛ ነው። ዋጋው፣ መጠኑና የመላኪያው መንገድ ገጹ ላይ ተጽፎ ከሆነ ሻጩ በሌለበት ገጹ ይሸጣል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስረክብ ከሆነ ደግሞ የዘመሮው ኔትወርክ መጥፋት ሽያጩን አያቆመውም።

ዋጋው ስለሚለዋወጥ ለሚጨነቅ ሻጭ መልሱ ቀላል ነው፤ ቀን ይጻፍበት። «ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ የጸና ነው» የሚል አንድ መስመር ሻጩን ከኪሳራ ይጠብቀዋል፤ ገዢውም ነገ ከነገ ወዲያ እያለ እንዳይቆይ ምክንያት ይሰጠዋል። ቀኑ እውነተኛ መሆን አለበት። ሲያልፍ ዋጋው ካልተለወጠ ቀኑን ማደስ ነው እንጂ «የመጨረሻ ዕድል» እያሉ ገዢን ማዋከብ የሚያስገኘው አንድ ሽያጭ፣ የሚያሳጣው ግን ደንበኛ ነው።

ከዋጋው ጋር የመላኪያው ሒሳብ መታየት አለበት። በቤይማርድ ጥናቶች ገዢዎች ቅርጫታቸውን ጥለው ለመውጣታቸው በተደጋጋሚ ቀዳሚ ሆኖ የሚነሣው ምክንያት በመጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት የሚጨመር ክፍያ ነው። አንድ ሰው የባናውን ዋጋ ተስማምቶ ስሙን ከጻፈ በኋላ «የመላኪያ» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ሲመጣበት የሚቆጣው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ስላልተነገረው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ስንት፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ለሚረከብ ስንት የሚለው ከዋጋው ሥር ይሁን። ክብደቱም በኪሎ ይጻፍ። ለዲያስፖራ ገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወፍራም ባና በፖስታ ወደ ውጭ ሲላክ የመላኪያው ሒሳብ ከዕቃው ጋር ሊፎካከር ስለሚችል፣ ብዙዎች የሚመርጡት አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ተረክቦ በሚሄድ ሰው እጅ እንዲልክላቸው ነው። የሚሄደው ሰው ሻንጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ23 ኪሎ የተወሰነ ነው። «ክብደቱ ይህን ያህል ነው፤ ቤተሰብዎ አዲስ አበባ ሊረከብልዎ ይችላል» የሚል ገጽ የዚያን ገዢ ኑሮ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይታወቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእጅ ጥያቄ ነው፤ ያ ገበያ ላይ በመዳፍና በአፍንጫ የሚመለሰው። ይኮሰኩሳል ወይ? ይሸታል ወይ? በምን ይታጠባል? ብል ይበላዋል ወይ? ለሁለት ሰው ይበቃል ወይ? አብዛኞቹ ገጾች እነዚህን ትተው «በጣም ምርጥ»፣ «ጥራቱን የጠበቀ» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ማንም ሰው ስለማንኛውም ዕቃ የሚላቸው ስለሆኑ ገዢው ሳያነብ ያልፋቸዋል።

እዚህ ላይ ሻጩን የምመክረው ድፍረት ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፤ ገላን በቀጥታ ሲነካ ይኮሰኩሳል። ይህን መደበቅ አያዋጣም። «የበግ ጠጉር ስለሆነ ይኮሰኩሳል፤ ከሥሩ አንሶላ ያድርጉበት፤ ሙቀቱ ግን ለጥቅምት ብርድ የተሠራ ነው» ብሎ የጻፈ ሻጭ ሁለት ነገር ያገኛል። ለስላሳ ብርድ ልብስ የሚፈልገው ሰው ሳይገዛ ይሄዳል፤ ያ ሰው ቢገዛ ኖሮ ዕቃውን መልሶ፣ ስምም አጥፍቶ ነበር የሚሄደው። ባና የሚፈልገው ሰው ደግሞ የዕቃውን ጉድለት ራሱ የነገረውን ሻጭ በሌላው ቃሉም ያምነዋል። ጠረኑም እንዲሁ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደታጠበ፣ ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደሚሰጣ፣ ቤት ከገባ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት መጻፍ ነው። መጠኑ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ከጎኑ በክንድም ቢጻፍ የዘመሮዋ እናትም የአዲስ አበባው ልጇም ይረዱታል። ከሁሉ ደግሞ አንድ ሰው ለብሶት የተነሣ ፎቶ ይጨመር። አልጋ ላይ የተዘረጋ ባና ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም፤ ትከሻ ላይ ሲሆን ግን ዓይን ራሱ ይለካዋል። የሽመናውን ጥብቀት በቅርበት የሚያሳይ ሌላ ፎቶ፣ ጠርዙን የሚያሳይ ሌላ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፊልተር፤ ቡናማው ቡናማ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ እንዲታይ።

የአሠራሩ ታሪክም ከእጅ ጥያቄ ጋር ይሄዳል። ቤተልሔም ጥላሁን ዓለሙ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን ጫማ ይዞ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ፣ ጫማው ከምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው ዋናው የሽያጭ ቃሉ ነበር። ያ ጎማ ጫማ ለእኛ የድህነት ምልክት ነበር፤ እሷ ግን እንዳለ ነው ያቀረበችው። የመንዝ ሻጭም ፈትሉ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እጅ እንደነካው፣ ስንት ሳምንት እንደፈጀ ቢናገር ገዢው ዋጋው ለምን ያን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ዋጋ የሚወደደው ምክንያቱ ያልታወቀ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ዋስ ነው። ገዢው «ከፍዬ ብትጠፋስ?» ይላል፤ ሻጩም «ልኬ ባትከፍልስ?» ይላል። የሁለቱም ፍርሃት መሠረት አለው። የተጭበረበረ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት ተልኮላቸው ዕቃ ያስረከቡ ነጋዴዎች አሉ፤ ቀብድ ልከው ሻጩ ያገዳቸው ገዢዎችም አሉ። አንድ ወገን ብቻ አደጋውን እንዲሸከም የሚጠይቅ ገጽ አይሸጥም። እዚህ አገራችን ለዘመናት የኖረው ቀብድ አሁንም የሚሠራ መፍትሔ ነው፤ ጥቂቱን ሲያዝ፣ ቀሪውን ዕቃውን አይቶና ዳስሶ ሲረከብ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚረከብ ሰው ካለ ይህ ያለ ችግር ይሆናል፤ የገበያው የመዳፍ ፈተናም በዚያው ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ግን ብዙ ገዢ የምትመልስ አለች። ገዢው ለመክፈል ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ሲከፍት የተቀባዩ ስም ይመጣለታል። ገጹ «መንዝ ባና» ይላል፤ ስልኩ ላይ የሚመጣው ግን ሰምቶት የማያውቀው ሰው ስም ነው። እጁ እዚያው ላይ ይቆማል። የነጋዴ አካውንት በሱቁ ስም ማውጣት ይህን ይፈታል፤ ያ እስኪሆን ድረስ «ክፍያው የሚገባው በእገሌ ስም ነው፤ የሱቁ ባለቤት ነኝ» ብሎ ከፎቶ ጋር መጻፍ ይበቃል። የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ቁጥሩን ያስቀምጥ። ዕቃው የሚገኝበት ቦታም ይጻፍ፤ ዘመሮ የት ቀበሌ፣ አዲስ አበባ የት ሰፈር። ከዚህ ቀደም የገዙ ሰዎች ፈቅደው የላኩት ፎቶና አስተያየት ከሻጩ ምስጋና ይበልጣል። ለውጭ ገዢ ደግሞ ዋስ የሚሆነው የሚያውቀው ተቋም ነው። ሶል ሬብልስም ሆነ የሐርና የጥጥ ሽመና የሚያመርተው ሳባሃር በዓለም የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት መመዝገባቸው በማያውቋቸው አገሮች እንዲታመኑ ረድቷቸዋል። አንድ ሸማኔ ብቻውን ይህን ማግኘት ይከብደዋል፤ የፈታዮችና የሸማኔዎች ማኅበር ግን ሊያስብበት ይችላል።

ሕጋዊው መሠረት ተጥሏል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። የተጻፈ ትእዛዝ፣ የተላከ ማረጋገጫ፣ የተከፈለ ደረሰኝ ዛሬ ማስረጃ ናቸው። ሻጩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ «ይህን አዘዋል፤ ይህን ያህል ከፍለዋል፤ በዚህ ቀን ይደርስዎታል» የሚል አጭር መልእክት ቢልክ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጠብቃል።

አራተኛው ጉዳይ መክፈያው ነው። አሜሪካዊው የድረ ገጽ ባለሙያ ጃሬድ ስፑል የጻፈው አንድ ታሪክ በሙያው ውስጥ ታዋቂ ነው። አንድ ትልቅ የኦንላይን ሱቅ ገዢዎች ከመክፈላቸው በፊት እንዲመዘገቡ ያስገድድ ነበር። «ተመዝገብ» የሚለውን ቁልፍ አንሥተው «ቀጥል» በሚል ተኩት፤ ሳይመዘገቡም መግዛት እንደሚቻል ጻፉ። የሚገዛው ሰው ቁጥር በ45 በመቶ አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ መጣ። ሰዎቹ ለመግዛት መጥተው ነበር፤ የከለከላቸው ቅጽ ነው።

የእኛ ቅጾች ችግራቸው ሌላ ነው፤ ከውጭ ተወስደው እንዳሉ ይተከላሉ። የፖስታ ኮድ ይጠይቃሉ፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ኢሜይል ካልተጻፈ አያሳልፉም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቱን የሚነግረው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ብሎ ነው። ኢሜይሉን የረሳ ገዢ ብዙ ነው፤ ስልክ ቁጥሩን የረሳ የለም። ስለዚህ ለመንዝ ባና ትእዛዝ የሚበቃው ስም፣ ስልክ፣ ከተማና የሰፈር ምልክት፣ የመረጠው ዕቃ ነው። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ለክፍያውም ገዢው ያለውን መንገድ መከተል ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ነጋዴ ይጠራጠር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይን የመሳሰሉ አገር በቀል የክፍያ መተላለፊያዎች ደግሞ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በአንድ ቁልፍ የተለያዩ መክፈያዎችን ያቀርባሉ። አነስተኛ ሻጭ በመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ማስገባት የለበትም። ገዢዎቹ የሚከፍሉበትን ሁለቱን ይምረጥ፤ እነዚያም ከመጀመሪያው ገጽ ይታዩ። «በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ይክፈሉ» የሚለውን ገና ሲገባ ያየ ሰው «መክፈል እችላለሁ ወይ?» እያለ አያመነታም።

ፍጥነቱን ባጭሩ ልናገር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ገጹ ለመከፈት ከሦስት ሰከንድ በላይ ከፈጀ ከስልክ ጎብኚዎች ከግማሽ በላይ (53 በመቶው) ይወጣሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ እያንዳንዱ ሜጋባይት ከገዢው ኪስ ነው። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ አንድ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ አሥሩ ሲደረደር ገዢው ጥቅሉን ለእኛ ፎቶ እያወጣ ነው። ፎቶውን ሁለት መቶ ኪሎባይት አካባቢ አሳንሶ መጫን ነፃ ነው፤ ጥራቱም በስልክ ስክሪን ላይ አይጎዳም። ሙዚቃ፣ የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ፣ ብቅ የሚል ማስታወቂያ፤ ሁሉም ይውጣ።

ይህ ሁሉ ለዕቃ ብቻ አይደለም። ከመንዝ ሳንወጣ የጓሳን ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ እንውሰድ። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የጓሳ ሣር ምድር፣ ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ያለበት ቦታ ነው። ፎቶውን ያየ ሁሉ መሄድ ይፈልጋል። ግን የሚሄደው ሰው ከመወሰኑ በፊት የሚጠይቀው ስለ ዝንጀሮው አይደለም። መኪናው እስከ የት ይገባል? አልጋው ስንት ነው? ምግብ አለ ወይስ ይዘን እንምጣ? ከ3,200 ሜትር በላይ ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? መንገዱ ሰላም ነው? የማረፊያው ጎብኚ የራሱን ስንቅ ይዞ ሄዶ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያበስል መሆኑን ቀድሞ ካልተነገረው ቅር ይለዋል፤ ከተነገረው ግን ሽሮውን ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለ ቦታው የሚጽፍ ሁሉ አስደናቂውን ይጽፋል። ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን የአልጋው፣ የመንገዱና የብርዱ መልስ ነው። የሌሊቱን ብርድ የጻፈ ገጽ ደግሞ እዚያው ላይ ባናውንም ሊሸጥ ይችላል።

ሻጩ የትኛው ጥያቄ ገዢ እየመለሰበት እንደሆነ በምን ያውቃል? ድረ ገጽ ያለው ሰው ጎብኚው የትኛው ገጽ ላይ ትቶ እንደሚወጣ የሚያሳዩ ነፃ መሣሪያዎች አሉለት፤ ጠቃሚ ናቸው። በቴሌግራም ለሚሸጥ ግን የተሻለ መሣሪያ ደብተር ነው። አንድ ወር ሙሉ በውስጥ መስመር የመጣ ጥያቄ ሁሉ፣ ሰውየው እንደጠየቀው ቃል በቃል ይጻፍበት። ከጎኑ ገዝቶ እንደሆነ ወይም እንደቀረ ምልክት ይደረግ። ወሩ ሲያልቅ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ይታያል፤ መልሱ ወደ ገጹ ከፎቶው ሥር ይሂድ። በሁለተኛው ወር ያ ጥያቄ ይቀንሳል፤ ሌላ ይተካዋል። እሱም ይሂድ። ዋጋ ጠይቀው ዝም ላሉት ደግሞ ከሳምንት በኋላ አንድ መልእክት ብቻ፣ በአክብሮት፦ «ባናውን ጠይቀውን ነበር፤ ግልጽ ያልሆነልዎ ነገር ካለ ቢነግሩን ደስ ይለናል»። ይግዙ ማለት የለበትም። ብዙዎች አይመልሱም። የሚመልሱት ግን «ለእናቴ ነበር፤ ወደ ጎጃም ትልኩ እንደሆነ አላወቅኩም» ይላሉ፤ «ሁለት ብገዛ ትቀንሱ እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ ነው» ይላሉ። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀጣዩ መስመር ይህ ነው፤ ገጹ ላይም «ወደ ጎጃም እንልካለን»፣ «ሁለት ለሚገዛ ዋጋው ይህ ነው» ተብሎ በዚያው ሳምንት ይወጣል።